በአው በርኸድሌ ደጃፍ የማን ልጅ ልበል?

ካርዲፍ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1976

ቢስሚላህ። ለተከበሩ ለአባቴ እህት፣ ለኤዶ ኢባዶ ዱዓሌ። ሰላምና ወተት ከደጅዎ አይጥፋ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ገበያውስ? ቅቤ ተወደደ የሚል ወሬ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ደርሷል፤ እንግዲህ ሐርጌሳ ስታለቅስ እርስዎ ፈገግ እያሉ ነው ማለት ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዲርዬ መርከቡን ትቶ ብረት ፋብሪካ ገብቷል። ሌሊት ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በእግር ጣቴ ነው የምሄደው።

እዚህ ላይ ላቆም አስቤ ነበር። አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከከተትኩት በኋላ መልሼ አወጣሁት።

በኖቬምበር እንደገና አስወረደኝ። ሦስተኛዬ ነው። ሁልጊዜ አምስተኛው ወር ላይ ነው የሚሄዱት። ሐኪሞቹ ደጎች ናቸው፣ መርምረው መርምረው «ምንም አላገኘንብሽም» አሉኝ። ምንም አለመገኘቱ እንዴት እንደሚከብድ ለማን ይነገራል? የዲርዬ ታላቅ ወንድም ዓዋሌ ይመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ያመሰግነኛል፤ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ከባሌ ጋር ይንሾካሾካሉ። ከአገር ቤት ሌላ ሴት እናምጣልህ እያለው እንደሆነ አውቃለሁ። ዲርዬ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ኤዶ፣ የሰፈራችን ሴቶች ወደ ሸይኹ ቀብር፣ ወደ አው በርኸድሌ፣ ባዶ ጀርባቸውን ሄደው በዓመቱ ልጅ አዝለው ሲመለሱ በልጅነቴ አይቻለሁ። እኔ አሁን ለመንገድ አልበቃም። በዘንድሮው ዚያራ በስሜ ይሂዱልኝ። ሌላ የምለምንዎት ነገር የለም። የምከናነበውን ጋርባሳር አብሬ ልኬያለሁ። ጠረኔ እንዳይለቀው ብዬ አላጠብኩትም።

የወንድምዎ ልጅ
ራቂያ ሒርሲ


ሐርጌሳ፣ ማርች 27 ቀን 1976

ለኤዶ ራቂያ ሒርሲ፤ ኤዶ ላለችኝ ኤዶ ብዬ እመልሳለሁ። ከአገር ርቀሽ በዝናብ ለምትበሰብሺው፣ አላህ ደረቅ ልብስና ሙቅ ወተት ይስጥሽ።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ፤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ተማሪዎቹ በመሃይምነት ዘመቻው መጥተው እኛን አሮጊቶች ሰሌዳ ፊት ደርድረው ሲስቁብን ከከረሙ በኋላ ፊደሉ ገባኝ። ስለዚህ የፈለግሽውን ጻፊ፤ በመሃላችን ደብዳቤ የሚያነብልኝና ለሰፈር የሚያዳርስ ሰው የለም። መልሴ የዘገየው በፊደሉ አይደለም። ተናድጄብሽ ነው።

ለምን አትዪም? አው በርኸድሌ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስተኛውን ከሄድኩ እንደ አንድ ሐጅ ይታሰብልኛል፤ አባቶቻችን የነገሩን እንዲህ ነው፣ ከመካ የሚመለሱት ሸይኾች ቢስቁም ይሳቁ። መካ የሚያደርሰኝ ቅቤ ሸጬ አላውቅም፣ ወደፊትም አልሸጥም። ይቺን ሦስተኛዋን ለቀብሬ ስንቅ ብዬ ይዣት ነበር። አሁን አንቺ ከባሕር ማዶ ተነሥተሽ «በስሜ ይሂዱልኝ» ትያለሽ፣ ጨው ልኪልኝ እንደሚል ሰው!

ጋርባሳሩን ፈትቼ አሸተትኩት። ሳሙና ይሸታል፣ የማላውቀው አገር ዝናብ ይሸታል። ከሥሩ ግን ሕፃን ሆነሽ አንገትሽ ሥር የነበረው ያ ጠረን አለ። እንደዚያ ታታልያለሽ። እሺ፣ ሦስተኛዋ ያንቺ ናት። ዓዋሌ ደግሞ እኔ እያየሁ እናቱ ንፍጡን በቀሚሷ እየጠረገችለት ነው ያደገው፤ ይንሾካሾክ።

አክስትሽ ኢባዶ


ሐርጌሳ፣ ሜይ 22 ቀን 1976

ለኤዶ ራቂያ። ከአው በርኸድሌ ይዤው የመጣሁት በረካ በዚህ ወረቀት ይድረስሽ። ሄጄ ተመልሻለሁ።

የሄድነው በጭነት መኪና ነው፤ ከሥር የስኳር ጆንያ፣ ከላይ እኛ። ገና ከከተማ ሳንወጣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እናንት ሴቶች፣ ለፍሬኑም ዱዓ አድርጉለት!» አለን።

«ፍሬን ከሌለህ ምን ልትነዳ ወጣህ፣ በግህን አትጠብቅም?» አልኩት።

«በጎቼን ጭኜ እየሄድኩ አይደል እንዴ፣ እናቴ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ። ለዚያራ የወጣ ሰው አይጣላም ብዬ ዋጥኩት፤ በመልሱ ግን አልተውኩትም።

ከዚያ ዳገቱን ስንጨርስ ነጩ ጉልላት ታየ። ራቂያ፣ ሦስተኛዬ ስለሆነ ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር። አልለመድኩትም። ያ ሁሉ ሲንጫጫ የመጣ ሰው ባንዴ ዝም አለ። ያ ባለጌ ሾፌር እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን በቁልቁለቱ ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ጫማችንን አውልቀን ወረድን። አፈሩ ይሞቃል፣ ግን አያቃጥልም። ከበርበራ፣ ከቡራኦ፣ ከጅቡቲ ድረስ የመጣው ሕዝብ ሸለቆውን ሞልቶ ነጭ በነጭ አድርጎታል፤ የሰው ድምፅ ግን እንደ ሩቅ ወንዝ ነበር።

ወደ ቀብሩ የሚገባው በመቃብሮቹ መሃል ነው። ወደ ቂብላ የተኙት የኛዎቹ ናቸው። በነሱ መሃል ደግሞ የድንጋይ ክምሮች አሉ፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ የቆሙ ድንጋዮችም አሉ። የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ከአዛን በፊት፣ ሰማዩን በሌላ ስም ይጠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው ይባላል። አንዲት አሮጊት ድንጋዩን ዳብሳ ሰላምታ ስትሰጥ አንድ ጎረምሳ ሸይኽ «ለካፊር መቃብር ሰላም አይባልም!» ብሎ ጮኸባት። ዞር ብላ አየችውና «ልጄ፣ የስንተኛ አያትህን ነው የምትሰድበው?» አለችው። እሱም ሲያልፍ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ሄደ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

የሚያስፈራኝም የሚያስደስተኝም ይኼ ነው፣ ኤዶ። ሸይኹ ወደዚህ ሳይመጣ በፊት ሴቶች እዚህ ይመጡ ነበር። እኛ ዛሬም የምንቀባውን ነጭ አፈር በውሃ ለውሰው ግንባራቸውንና ሆዳቸውን ይቀቡ ነበር። የጥንቱ ንጉሥ አለፈ፣ ሃይማኖቱ ተለወጠ፣ እዚያ የነበረው ከተማ ፈርሶ ግንቡ ከጉልበት አይበልጥም። ሴቶቹ ግን መምጣት አላቆሙም። እዚያ ቆሜ ያንቺን ጋርባሳር ለብሼ፣ ያንን አፈር በእጄ ይዤ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ስንት እንደሆኑ ሳስብ ዞሬ ወደ ኋላዬ አየሁ።

ከዙህር ሰላት በኋላ ሴቶቹ በጉልላቱ ጥላ ተቀመጡ። ዜማውን የምትመራው ዓነብ የሚሏት አሮጊት ናት፤ ዓይኗ አያይም፣ ጆሮዋ ግን ጉንዳን ሲረግጥ ይሰማል። ከእናታችን ሐዋ ጀምራ፣ በሐጀር፣ በመርየም፣ በፋጡማ እያለች ትወርዳለች፤ እዚያ ላይ ያንዳንዷን ባለጉዳይ ስም ትቀበላለች፤ ሴቶቹ ሁሉ ያንን ስም በዜማ ይመልሱታል። ተራዬ ደረሰ። እኔም እንደለመድነው «ራቂያ ሒርሲ ዱዓሌ ዋይስ ሳማተር…» ብዬ አባቶችሽን መቁጠር ጀመርኩ።

«ተይ፣ ተይ» አለችኝ። «ወንዶቹን እዚያ ማዶ ተያቸው። እዚህ የመጣነው በማሕፀን ጉዳይ ነው። የወለደቻትን ጥሪ። ራቂያ የማን?»

ሁሉም ጠበቁኝ። ያልኩትን አልኩ።

ቅቤ እንደገና ረክሷል። ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ግመሎቹ ወተት በወተት ሆነዋል። መነጽር ላኪልኝ፤ የፊደሉ እግር ይጠፋኛል።

አክስትሽ ኢባዶ


ካርዲፍ፣ ጁላይ 4 ቀን 1976

ኤዶ፣ ሰላምና ወተት ለእርስዎ። መነጽሩን ለአንድ መርከበኛ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ዚያራው ውለታዎን አላህ ይክፈልልኝ። ደብዳቤዎን እያነበብኩ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። ግን ከቅቤው ወሬ በፊት አንድ ነገር ዘለሉ።

የማን ልጅ አሉኝ?

ኪንሲ ብለዋቸው ከሆነ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ኪንሲ አሳደገችኝ እንጂ አልወለደችኝም። አውቃለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጉድጓዱ አጠገብ አንዲት የቆዳ ሥራ የምትሸጥ ሴት ፀጉሬን ስትዳብስ ኪንሲ አገኘችን። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ይዛው የነበረውን ቅቤ ከነቅሉ አንሥታ ሰጠቻት። ልዳር ስል ደግሞ ኪንሲ ራሷ ነገረችኝ፦ «ስሟ ደሐቦ ነው፤ ዪቢር ናት፣ ከማናገባቸው ወገን። እስክትሞቺ ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ለባልሽም።» እኔም አልተነፈስኩም።

እርስዎም ያውቃሉ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ራቂያ


ሐርጌሳ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1976

ለኤዶ ራቂያ። አላህ ይጠብቅሽ፣ ከሰው አፍም ይጠብቅሽ።

መነጽሩ ደርሶኛል። የማላየውን ሁሉ አሳየኝ፣ የራሴን ፊት ጭምር፤ አላመሰግንሽም። ከጁላይ ጀምሮ ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት መሰለሽ። ያ ያስተማረኝ ተማሪ ቢያይ ወረቀት ታባክኛለሽ ብሎ ይገርፈኝ ነበር።

አዎ፣ ኪንሲ ነው ያልኩት። ስሙ ከአፌ ሲወጣ ዓነብ ፊቷን ወደኔ አዞረች፤ ያ ጆሮዋ ውሸቱን ሳይሰማው አልቀረም። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ያንቺን ስም ሴቶቹ አልመለሱትም። ይኼን ነው የደበቅኩሽ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ያልተዘመረው ስም ያንቺ ብቻ ነው።

አሁን አንቺ ብታውቂም ከኔ ስሚው። አባትሽ ፖሊስ ሆኖ ገጠር ተመድቦ ሳለ ደሐቦን በቃዲ ፊት አገባት፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሽማግሌዎቻችን ግን እኛ ከዪቢር አንጋባም ብለው መጡ። ሕፃኗን ወሰዱ፣ እናቷን አሰናበቱ። እኔ ያኔ በርበራ ባል ቤት ነበርኩ፤ ስመለስ የአባትሽ ሚስት ኪንሲ አዝላሽ አገኘኋት። አባትሽ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሲስቅ አላየሁትም።

የዪቢሮቹን ታሪክ እንደማንኛችንም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን እዚያ ቆሜ ገና አሁን የሰማሁት መሰለኝ። ቅድመ አያታቸው ቡዑር አስማተኛ ነበር ይባላል። ከሸይኹ ከአው በርኸድሌ ጋር ሲፎካከሩ በተራራው ውስጥ አለፈ፣ ተመልሶም አለፈ፤ እንደገና ሲገባ ሸይኹ ዱዓ አደረገና ተራራው ተዘጋበት። ልጆቹ መጥተው «ደማችንን ክፈለን» አሉ። ሸይኹም ፈረደላቸው፤ ልጅ በተወለደበት ቤት ሁሉ ለዘላለም ድርሻ ይሰጣችሁ አለ። ይኸው እስከዛሬ ልጅ ሲወለድ ዪቢር ደጅ ላይ ይቆማል፣ ማንም አይከለክለውም፤ እሱም ለልጁ የቆዳ ክታብ አስሮ ይመርቃል። እኛ እንፈራቸዋለን፣ ምርቃታቸውን እንለምናለን፣ ከነሱ ጋር ግን አንበላም። ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

ታዲያ ምን ላድርግ? ተመልሼ ሄጄ እዚያ ደጃፍ ላይ ደሐቦ ልበል? በሄድኩበት መኪና ውስጥ ያለው ወሬ እኔ ቤቴ ሳልደርስ ካርዲፍ ይደርሳል። መንግሥት ጎሳን ቀብሬያለሁ ቢልም ሰው «የቀድሞ ጎሳህ ማን ነበር» እያለ ነው የሚጠይቀው። ዓዋሌ ይህን ከሰማ መንሾካሾኩን ትቶ በአደባባይ ነው የሚያስፈታሽ። ልጅ እናገኛለን ብለን ቤትሽን እናፍርስ? እኔ አልደፍርም። አንቺ ወስኚ፤ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ኢባዶ


ካርዲፍ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1976

ለኤዶ ኢባዶ፣ ሰላምና ወተት።

እንደገና ይዣለሁ። ሁለት ወር አልፎታል። ለዲርዬ ስነግረው ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ፤ አምስተኛውን ወር ሁለታችንም ከሩቅ እናየዋለን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። አንብቤ ስጨርስ እንዲህ አሰብኩ፦ ይህም ልጅ ከሄደ ዲርዬ ሌላ ሴት ማምጣቱ አይቀርም። እውነቱን ከተናገርኩም ላጣው እችላለሁ። ከሁለቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን እኔ ራሴ መምረጥ እችላለሁ።

ከእንቅልፉ ሲነሣ ሻዩን አስቀምጬለት ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ሁሉንም። ሻዩን አልነካውም። ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ቤት ውስጥ እህል አልቀመሰም፤ ወደብ ያሉት የድሮ ጓደኞቹ ጋ እየበላ ለመተኛት ብቻ ይመጣ ነበር። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ስቤ አውጥቼ አስቀመጥኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ መጣና ሙቅማድ፣ ያ በቅቤ የታሸው ሥጋ፣ አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። ከፊቱ አቀረብኩ፣ በላ። ሲጨርስ ጣቱን እየላሰ እንዲህ አለኝ፦

«እንግዲህ ዪቢር አማት ካለችኝ ድርሻውን እከፍላለሁ ወይስ ይከፈለኛል?»

«ትከፍላለህ» አልኩት።

«ለሷ ከሆነ ይሁን» አለ። «መርከብ ላይ እሳት ስናነድ ሃያ ዓመት ከማን ጋር በአንድ ጣሳ ውሃ እንደጠጣሁ ጠይቄ አላውቅም። ለዓዋሌ ግን እኔ አልነግረውም፤ ድፍረቱ የለኝም።» እንደዚያ ብሎ ተኛ። እኔ ሻንጣዬን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ከዚያ ኩሽናው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በእግር ጣት መሄድ የረሳሁበት ቀን ያ ብቻ ነው።

በእናቴ ስም ይጥሩኝ፣ ኤዶ። በሕይወት ካለች ደግሞ እሷው ትጥራኝ።

ራቂያ


ሐርጌሳ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1977

ለኤዶ ራቂያ። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኝተሽ አንብቢው። ምን ልመርቅሽ? የመረቀሽ አለ፤ ልንገርሽ።

ደሐቦ በሕይወት አለች። በበርበራ መንገድ ከአንዲት መንደር ዳር፣ ከሌላው ሰው ቤት ፈንጠር ብላ ትኖራለች። የመስገጃ ቁርበት እያለፋች አገኘኋት። ከመኪና ወርጄ ስቆም ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

«የሒርሲ እህት አይደለሽ? ዘገየሽ» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ስትመዝኚ ነበር፣ ቅቤ?»

የመጣሁበትን ነገርኳት። እጇ ቆመ። «እዚያ ቦታ ሄጄ አላውቅም» አለች። «አባቴም አልሄደም። ሰው አያቱን ተራራ ውስጥ የዘጋበትን ሰው ሊዘይር ይሄዳል?» ልጅሽ ናት አልኳት፣ አምስተኛ ወሯ እየገባ ነው አልኳት። ተነሥታ እጇን ታጠበች።

የሄድነው በተራ አርብ ነው፤ ሕዝቡ እንደ ዓመታዊው ባይሆንም ሴቶች ሞልተዋል። ከመኪናው ስንወርድ ደሐቦ ወደ ጉልላቱ አልሄደችም። ሰዉ ሁሉ እያያት ለብቻዋ ቡዑር ወደተዘጋበት ተራራ ወጣች። እኔም ትቻት መቅረት አቅቶኝ ተከተልኳት። ከድንጋዩ ፊት ቆማ መዳፏን አሳረፈችበት።

«አያቴ» አለች፣ «ደሐቦ ነኝ። የዘጋብህን ሰው ልለምን መጥቻለሁ። ልጄ በሩቅ አገር ናት፤ ስለሷ ነው። አትቀየመኝ።»

ጆሮዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ቆየች። ራቂያ፣ ንፋሱ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ነበረች፣ ቀን ነበር፣ እኔ ግን መተንፈስ ፈራሁ። ምን እንደሰማች አልነገረችኝም። ብቻ ፊቷ ሸክም እንደወረደለት ሰው ሆኖ ተመለሰች፣ «እንሂድ» አለች።

ጉልላቱ ጋ ስንደርስ ያወቋት ሴቶች አሉ። ጥላው ውስጥ ቦታ ይለቁላት ጀመር፣ በአክብሮት አልነበረም። ሁለቱ ጫማቸውን አንሥተው ሄዱ። ዓነብ ኮቴዋን ሰምታ «ማናት?» አለች። ደሐቦ ራሷ «ዪቢር ነኝ» አለች። ዓነብ እጇን በአየር ላይ እየዳበሰች አገኘቻትና ከጎኗ አስቀመጠቻት። «የዚህ ቤት ባለድርሻ እንጂ እንግዳ አይደለሽም» አለቻት። «ማንን ልትጠሪ መጣሽ?»

«ራቂያ ደሐቦ» አለች። አልጮኸችም። «ከኔ የወጣች ናት። እናቷ እኔ ነኝ።»

ዓነብ አነሣችው። ከሐዋ፣ ከሐጀር፣ ከመርየም፣ ከፋጡማ ቀጥላ «ራቂያ ደሐቦ» አለች፤ መጀመሪያ አንዲት ሴት መለሰች፣ ከዚያ ሦስት አራት፣ ከዚያ ሁሉም። ግድግዳው መለሰው። እነዚያ የቆሙት ድንጋዮች የመለሱት መሰለኝ፤ ዕብድ በይኝ። ደሐቦ ስምሽ በዚያ ሁሉ አፍ ሲጠራ ስትሰማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ነጩን አፈር ለውሼ ሆዷ ላይ፣ አንቺ በነበርሽበት ቦታ ላይ ቀባኋት።

በኋላ ዓነብን «ይቺኛዋ ዚያራ ለኔ ትታሰብልኝ ይሆን?» አልኳት። «አንቺ ነጋዴ፣ እዚህ ሚዛን የለም፣ ሂጂ!» አለችኝ። ስለዚህ ሐጃ መሆኔን አላውቅም። አያስፈልገኝምም።

በመልሱ መኪና ላይ የዓዋሌ ሚስት ዘመድ ነበረች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው የዋለው። ወሬው ካርዲፍ ይደርሳል፤ ተዘጋጂ። ደሐቦ የሰፋችውን ክታብ ከዚህ ጋር ልካለች። «ከሌላው ሰው ድርሻዬን ተቀብዬ ነው የማስረው፤ የዚህን ግን እናቱ ትሰር» ብላለች።

አክስትሽ ኢባዶ


ካርዲፍ፣ ጁን 12 ቀን 1977

ለኤዶ ኢባዶ። ሰላምና ወተት፣ ዕድሜና ጤና። ይህን ለእናቴ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

ወንድ ነው። በርኸድ አልነው። አምስተኛው ወር ሲገባ ከአልጋዬ አልወርድም፣ አላስልም፣ አልስቅም ነበር። ያለፈበትን ቀን አላወቅኩትም፤ አንድ ጠዋት ዲርዬ «ስድስተኛው ገባ እኮ» ሲለኝ ነው የገባኝ። ሁለታችንም ይህን ጮክ ብለን ልንደግመው ፈራን።

ወሬው ቀድሞን ነበር። ከማርች ጀምሮ ዓዋሌ ደጃችንን አልረገጠም፤ ሚስቱ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። ልጁ ተወልዶ በሰባተኛው ቀን ግን ስም ሲወጣ ታላቅ ወንድም መቅረት አይችልምና መጣ። በጎች ታርደዋል፣ ከወደብ የመጡ ሽማግሌ መርከበኞች ቤቱን ሞልተውታል። ዓዋሌ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ሩዙን አልነካውም።

ስሙ ከወጣ በኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ነገሩን ሳያውቅ ይመስለኛል፣ ጥርስ የሌለው አፉን እያላመጠ «ሁሉም ሞልቷል፤ አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል» አለ። «በአገራችን ቢሆን ይሄኔ ዪቢር ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። እዚህ ከየት ይምጣ? ያለ ክታብ የሚያድግ ልጅ አሳዘነኝ።»

የሚያውቁት ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ዲርዬ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ልጄን ታቅፌ ከጓዳ ወጣሁ፤ ወንዶቹ ባሉበት መሃል አልፌ ሄጄ የመንገዱን በር ከፍቼ ውጭ ቆምኩ። ያካፋ ነበር።

«መጥታለች» አልኩ። «ራቂያ የደሐቦ ልጅ፣ ዪቢር ነኝ። ለዚህ ልጅ ልመርቅ መጥቻለሁ።»

ክታቡን ከአንገቴ አውጥቼ በትንሿ ክንዱ ላይ አሰርኩት። ቋጠሮውን አጠበቅኩት። ከዚያ በር ላይ እንደቆምኩ፣ ዪቢሮች በአገራችን ደጃፍ እንደሚያደርጉት፣ ባዶ እጄን ዘረጋሁ። ለዲርዬ አልነበረም የዘረጋሁት። በሩ አጠገብ ለተቀመጠው ለዓዋሌ ነበር።

ለዪቢር ድርሻውን የከለከለ ሰው በዘራችን የለም፤ እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ተነሣ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ያወጣውን በሁለት እጁ አድርጎ መዳፌ ላይ አኖረው። ከዚያ ሰው ለዪቢር እንደሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ «መርቂን» አለኝ።

መረቅኩት።

ልጅዎ ራቂያ